ከብርዱ እስከ ደወሉ

በዚያ እሁድ ከቀትር በኋላ በክፍሉ ውስጥ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። አልጋው ላይ ጋሽ ታደሰ ተስፋዬ። ከአልጋው በስተቀኝ፣ በነበረችው አንዲት ወንበር ላይ፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ ያስቀመጡት እትዬ ዘውዴ። መስኮቱን ተደግፎ የታክሲውን ቁልፍ በጣቱ የሚያሽከረክረው ይርጋለም። ደሙን የሰቀለችው፣ ገባ ወጣ የምትለው ነርስ፣ ኤስተር የምትባል የጋና ሰው። አምስተኛው እኔ ነኝ፣ ኤርሚያስ፤ ከአልጋው ግርጌ ቆሜ ነበር። ለአፍታ ገብታ ከወጣች ሁለተኛ ነርስ በቀር ሌላ ሰው አልነበረም። አንዳንዶች «እኛም ነበርን» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እነሱ የመጡት ማክሰኞ ነው፣ ያን ጊዜ ጋሽ ታደሰ ወደ ሌላ ፎቅ ተወስደው ነበር።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ የአጥሚት ሽታ ነው። አሁን የምሠራው ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ በሽተኛ ከክፍል ወደ ክፍል አመላልሳለሁ፣ አጥባለሁ፣ ትኩሳትና ግፊት እለካለሁ። ባለፈው እሁድ ባዶ አልጋ እየገፋሁ በአንድ ኮሪደር ሳልፍ፣ ገርበብ ካለ በር ውስጥ ትኩስ የአጥሚት ሽታ መጣ፤ ቅቤ ጠብ የተደረገበት፣ ከፔርሙስ ገና የተቀዳ። ከውስጥ ሰዎች በአማርኛ ይስቃሉ። የእኔ ፎቅ ስላልነበረ የምገባበት ምክንያት አልነበረኝም። አልጋውን ወደ ግድግዳው አስጠግቼ ቆምኩ፤ ሳቁ እስኪበርድ ድረስ ቆየሁ፣ ከዚያ ሄድኩ። ማታ ሳስበው ከዚያ እሁድ ወዲህ ከአሥር ዓመት በላይ አልፏል። ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። አሁን ጢሜን ስላጭ ነጭ እየለቀምኩ ነው።

የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነበር፣ ዛሬም እዚያው ነኝ። ያን ጊዜ መሀል ከተማው በሙሉ ይቆፈር ነበር፤ ዛሬ ልጆች ውሃ የሚራጩበት አደባባይ የሽቦ አጥርና የጭቃ ክምር ነበር። ከፌንተን ስትሪት ገባ ብሎ አንድ ቤዝመንት ተከራይቼ ነበር። መስኮቷ ከሣሩ እኩል ስለነበረች ሰው የማየው በጫማው ነው፤ የጎረቤቶቼን ፊት ሳላውቅ የክረምትና የበጋ ጫማቸውን ለይቼ አውቅ ነበር። ሰፊ ጂንስ የሚለበስበት፣ ታጣፊ ስልክ ቀበቶ ላይ የሚሰካበት ዘመን ነበር። የአምስት ዶላር ካርድ ተገዝቶ፣ ቁጥሩ በሳንቲም ተፍቆ ነው አገር ቤት የሚደወለው፤ ሴትዮዋ በስልኩ ውስጥ «ሁለት መቶ ደቂቃ አለዎት» ትልና በሃያ ደቂቃ ትቆርጠዋለች። የአውቶቡስ ሾፌሩ ወደ ሌላ አውቶቡስ የምታሻግር፣ ትራንስፈር የምትባል ቀጭን ወረቀት ቀዶ ይሰጥ ነበር። እኔ አልጥላቸውም ነበር፤ መጽሐፌ ውስጥ እንደ ምልክት አስቀምጣቸዋለሁ።

መጽሐፉን የገዛሁት ቤተ መጻሕፍቱ አሮጌ መጻሕፍት ሲያወጣ በአንድ ዶላር ነው። ሽፋኑ ተገንጥሏል፤ የነርሶች መማሪያ ነበር፣ ክብደቱ እንደ ድንጋይ። ትምህርት ቤት የሚያስገባኝ ጊዜም አቅምም ስላልነበረኝ በባቡር ላይ ከመዝገበ ቃላት ጋር አነበዋለሁ፤ ከቀይ መስመሩ ባቡር ወርጄ ቢጫው እስኪመጣ ቆሜ አነበዋለሁ። የገባኝን በአማርኛ በደብተር እጽፋለሁ። ይርጋለም በታክሲው ሲያገኘኝ «ዶክተር፣ ዛሬ የትኛው አካል ላይ ደረስክ?» ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ጉበት ላይ ነኝ ስለው «እንግዲያው አርብ አርብ አታንብብ» አለኝ።

ጋሽ ታደሰን ያወቅኋቸው ክሪስታል ሲቲ ከምድር በታች ባለ የመኪና ማቆሚያ ነው። ቡዝ በሚሏት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ቲኬት እንቀበላለን፤ እሳቸው ጠዋት፣ እኔ ከቀትር በኋላ። አገር ቤት መንገድ ቀያሽ ነበሩ። እርሳሳቸው ሁልጊዜ የተቀረጸ ነው፤ ሲወጡ በትንሽ ወረቀት «ሁለተኛው በር ሲዘጋ ይንገጫገጫል፤ በእጅህ ደግፈው» ብለው ጽፈው ይተዉልኛል። እሳቸው እስኪወጡ፣ እኔ እስክገባ፣ አሥር ደቂቃ አብረን እንቆማለን። ያ አሥር ደቂቃ ከሰው ጋር በቀን የማወራበት ረጅሙ ጊዜ ነበር። አንዳንድ ቀን ሆን ብዬ ቀድሜ እደርስ ነበር። ምክንያቱን ጠይቀውኝ አያውቁም፤ እሳቸውም ጃኬታቸውን ለመልበስ ረጅም ጊዜ ይወስድባቸው ነበር።

ሚስታቸው ወይዘሮ ብርቅነሽ አገር ቤት ነበሩ። አሥራ አንድ ዓመት። ወረቀቱ ሲጠፋ፣ ሲገኝ፣ እንደገና ሲጠየቅ ኖሮ በመጨረሻ ቪዛው መጣ፤ ረቡዕ እንደሚገቡ ተቆረጠ። ጋሽ ታደሰ ስካይላይን ካለው የደባል ኑሮ ወጥተው አሌክሳንድሪያ ውስጥ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ያዙ። አልጋ አስገቡ። እናም በዚያው ሰሞን፣ አንድ ሐሙስ፣ ቡዙ ውስጥ ወደቁ። ለካ አንድ ወር ሙሉ ሆዳቸው ውስጥ ሲደማ ኖሯል፤ ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ነበር፣ ለማንም አልተናገሩም። «ለማን እናገራለሁ?» አሉኝ ሆስፒታል ሄጄ ስጠይቃቸው። የጨጓራ ቁስል ነበር። ቁስሉ ተዘጋ፤ የፈሰሰውን ለመተካት ቅዳሜ አንድ ከረጢት ደም ተሰጣቸው፣ ጉንጫቸው ቀለም ያዘ። እሁድ ጠዋት ሐኪሙ፣ ሁለተኛው ከረጢት በደህና ካለቀ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ሊወጡ ይችላሉ አለ። ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ። «ሊወጡ ይችላሉ» ብዬ ነው የተረጎምኩት። እሳቸው «ሰኞ ትወጣለህ» ብለው ሰሙት።

ደሙ የመጣው ሁለት ሰዓት ሲሆን ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። እትዬ ዘውዴ ከቅዳሴ በቀጥታ መጥተዋል፣ ፔርሙስ ሙሉ አጥሚትና አንድ ጋቢ ይዘው፤ አጥሚቱ ገና አልተፈቀደም ስለተባለ ይርጋለም ይጠጣዋል። ኤስተር ከሌላ ነርስ ጋር ገባች። ጋሽ ታደሰ እስከ አንገታቸው በጋቢው ተጠቅልለዋል።

«ሚስተር ተስፋዬ?» አለች ከረጢቱን እያየች።

ጋሽ ታደሰ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጃንዋሪ አንድ?»

አሁንም ነቀነቁ፣ ፈገግም አሉ። ሁለተኛዋ ነርስ ቁጥር አነበበች፣ ሁለቱም ፈረሙ፣ ሁለተኛዋ በጥድፊያ ወጣች። ስማቸውና ቁጥራቸው ያለበት የእጃቸው ማሰሪያ ወረቀት ከጋቢው ሥር ነበር። መጽሐፌ ላይ «ስሙን አንተ አትጥራለት፤ ራሱ ይንገርህ፤ ከእጁ ላይም አንብብ» የሚል አለ፣ ያን ገጽ ቅዳሜ ሌሊቱን አንብቤዋለሁ። ትዝ አለኝ። ነርስን ሥራዋን የማስተምር እኔ ማን ነኝ ብዬ ተውኩት።

ኤስተር ወደ እኔ ዞራ «ንገርልኝ፤ ብርድ ብርድ ካለው፣ ካሳከከው፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ ደረቱን ወይም ወገቡን ካመመው ወዲያው ይጥራኝ» አለች። ቃል በቃል ነገርኳቸው።

«እሺ ብለዋል በላት» አሉ ጋሽ ታደሰ።

ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ ደሙ መውረድ ጀመረ፣ በዝግታ። ኤስተር አሥራ አምስት ደቂቃ ከአልጋው ሳትለይ ቆመች፤ ደንቡ እንደዚያ ነው፣ ክፉው ነገር ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ላይ ስለሚመጣ። ይርጋለም ዝምታ አይወድም።

«ጋሽ ታዴ፣ ብርቅነሽ ፀጉርህ የት ሄደ ብትልህ ምን ትመልሳለህ?»

«ክሪስታል ሲቲ ፓርክ አድርጌዋለሁ እላታለሁ።»

«አምጣው ብትልህስ?»

«ቲኬቱ ጠፋብኝ።»

እትዬ ዘውዴ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። ኤስተርም ሳይገባት ሳቀች። ትኩሳታቸውን ለካች፣ ግፊታቸውን ለካች፣ ደህና ነው አለች፣ የደሙን አወራረድ ትንሽ ፈጠን አድርጋ ወጣች። ደብተሬ ላይ «2:25 ወጣች» ይላል። የእኔ ነገር እንዲህ ነው፤ ማንም ሳያዘኝ እጽፋለሁ።

ከዚያ አገጫቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ትንሽ ነገር ነበር፣ ሰው ጥርሱን ሲያፋጭ እንደሚያደርገው።

«በረደህ እንዴ ታዴ?» አሉ እትዬ ዘውዴ። «ይሄ ኤሲ የሚሉት ሰው ይገድላል።» ተነሥተው ጋቢውን አጠበቁላቸው፣ የሆስፒታሉን ብርድ ልብስ ደረቡበት። እግራቸውን ጠቀለሉ። ይርጋለም ጃኬቱን አውልቆ ከላይ ጣለ። በሽተኛን ማሞቅ የምናውቀው ነገር ነው፤ ሁለቱም በፍቅር ነው ያደረጉት። ግን በሸፈንናቸው ቁጥር የሚታየው ቆዳቸው አነሰ፤ በመጨረሻ ከፊታቸው በቀር የምናየው አልነበረም።

«ወገቤን» አሉ ቀስ ብለው።

«አልጋው ነው» አለ ይርጋለም። «እኔ ሶፋ ላይ ተኝቼ ሦስት ቀን ቀጥ ማለት አቅቶኝ ነበር።»

«ነርሷን ልጥራ?» አልኩ። ድምፄ ሳይወጣ አልቀረም፤ እርግጠኛ አይደለሁም፣ ያን ጊዜ ስናገር ሰዎች ብዙ ጊዜ «ምን አልክ?» ይሉኝ ነበር።

ጋሽ ታደሰ ግን ሰምተዋል። «አትጥራት» አሉኝ።

«ብርድና ወገብ ብላ ነበር፣ ጋሼ። ራሷ ናት ያለችው።»

«ብትጠራት ትነቅለዋለች። ከነቀለችው ሰኞ አልወጣም። ሰኞ ካልወጣሁ ረቡዕ ያቺ ሴት ኤርፖርት ቆማ ማንን ልታይ ነው? ተወኝ ልጄ። ይሄ አንድ ከረጢት ነው፣ ያልቃል።»

«እውነቱን ነው» አሉ እትዬ ዘውዴ፤ «ትንሽ ይታገሥ።»

ዝም አልኩ። ትልቅ ሰው ተወኝ ሲል መተው ነው ያደግኩበት። ያን ዝምታ እስከ ዛሬ ድረስ አውጥቼ አውርጄዋለሁ፤ ፍርሃት ብቻ አልነበረም። እሳቸው ከተቆጡኝ ያ አሥር ደቂቃዬ ይቀርብኛል ብዬም ነው።

አሁን ለማንም ያልተናገርኩትን ልናገር። በዚያ መካከል ኤስተር በበሩ ብቅ አለች። አልገባችም፤ እጇ ላይ የሌላ በሽተኛ መድኃኒት ነበር። «ሁሉ ደህና ነው፣ ሚስተር ተስፋዬ?» አለች። ጋሽ ታደሰ ፈገግ ብለው አውራ ጣታቸውን ከጋቢው ሥር አወጡ። ኤስተር እኔን አየችኝ። አስተርጓሚው እኔ ነኝና እውነቱን የምትጠብቀው ከእኔ ነው። ደህና ነው ለማለት አንገቴን ነቀነቅኩ። ሄደች።

እሷ ከሄደች በኋላ ጋሽ ታደሰ በጣታቸው ጠሩኝ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ፊታቸው ላብ ብቻ ነበር፣ ከንፈራቸው አመድ መስሏል። «ኤርሚ» አሉ፣ «ጭንቅ ጭንቅ እያለኝ ነው። የምሞት ይመስለኛል።»

ይህ በመጽሐፉ ውስጥ ነበር። በሽተኛው ምክንያቱን ሳያውቅ እሞታለሁ ካለ፣ እመነው ይላል። ደወሉን ተጫንኩ። 2:51። መልስ ከግድግዳው ውስጥ በድምፅ ማጉያ መጣ፣ «ምን እንርዳ?» የሚል። አላስቻለኝም፤ ወደ ኮሪደሩ ወጥቼ ጮህኩ። አሜሪካ ከገባሁ ጀምሮ ጮሄ አላውቅም ነበር። «ደሙን አቁሙት» ነው ያልኩት በእንግሊዝኛ፣ ሦስት ጊዜ።

ኤስተር እየሮጠች ገባች፤ ምን ሆነ ብላ ሳትጠይቅ መጀመሪያ የቱቦውን መዝጊያ ዘጋች። ከዚያ ጃኬቱን፣ ብርድ ልብሱን፣ ጋቢውን በአንድ ጊዜ ገፈፈችው። ቱቦውን ከሥሩ ነቅላ በአዲስ ቱቦ የጨው ውሃ ቀጠለች፤ መርፌውን ግን አላወጣችም፣ መድኃኒት የሚገባበት መንገድ ስለሆነ። ትኩሳታቸው ወጥቷል፣ ግፊታቸው ወርዷል። ሐኪም ተጠራ። ይርጋለም ሊረዳ ብሎ ከረጢቱን አንሥቶ ወደ ቆሻሻ መጣያው ሲያመራ «እንዳትጥለው» ብላ ከእጁ ወሰደችው፤ ከነቱቦው ወደ ደም ክፍሉ ተመልሶ ይመረመራል። ከዚያ የጋሽ ታደሰን እጅ ይዛ ማሰሪያውን አነበበች፣ ከረጢቱን አነበበች። እንደገና ማሰሪያውን። ጣቷ ቁጥሩ ላይ ቆመ። እኛን ወደ ውጭ አስወጡን። ስወጣ ያየሁት ከአልጋው ጎን የተንጠለጠለውን የሽንት ከረጢት ነው፤ ቀለሙ ቀይ ሥር የተቀቀለበት ውሃ ይመስል ነበር።

በዚያው ፎቅ ላይ ሌላ ተስፋዬ ነበሩ። እዚህ አገር የአባትህ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይቀመጣል፤ የልደት ቀኑን ያላወቀ ደግሞ ወረቀት ሲሞላ ጃንዋሪ አንድ ይጻፍለታል። ከመካከላችን ስንቱ በዚያ ቀን እንደተወለደ አንባቢ ያውቃል። ስለዚህ ጋሽ ታደሰ ለቀረበላቸው ጥያቄ ሁሉ በእውነት ነው የነቀነቁት። ደማቸው ኦ ነበር። የተሰቀለው ኤ ነው፣ የሌላው ተስፋዬ። ኤስተርን ልወቅሳት አልችልም። እሷ በድካም አንድ ጊዜ ሳተች፤ እኔ ግን ከዚያ በኋላ፣ እያወቅሁ፣ ሳትኩ ብዬ ማመካኘት የማልችለውን አደረግሁ።

ረቡዕ ኤርፖርት የሄድነው ይርጋለምና እኔ ነን። ጋሽ ታደሰ አይሲዩ፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነበሩ፤ ኩላሊታቸው ሥራ አቁሞ ደማቸው በማሽን መታጠብ ጀምሯል። ወይዘሮ ብርቅነሽ አጭር፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሴት ናቸው። ይርጋለም በመንገድ ላይ «ትንሽ ጉንፋን ይዟቸው ነው በላት፤ ቤት ስትደርስ ቀስ ብለን እንነግራታለን» ሲለኝ ነበር። ሴትየዋ ከእኛ ትከሻ በላይ እያዩ «እሱስ?» አሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ እዚያው ሻንጣ ጋሪው አጠገብ፣ የደሙን ዓይነት፣ የሽንቱን ቀለም፣ የደወሉን ሰዓት። የበሩን ነገር ብቻ ዘለልኩት። ይርጋለም እጄን ቆነጠጠኝ። እሳቸው ግን እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «አሥራ አንድ ዓመት በስልክ ደህና ነኝ ሲለኝ ነው የኖረው» አሉ። «ወደሱ ውሰዱኝ።»

ከሦስት ሳምንት በኋላ ኩላሊታቸው መሥራት ጀመረ። ወደ ቡዙ አልተመለሱም፤ ከሚስታቸው ጋር ሎረል ወደምትባል ከተማ ሄዱ። አንድ ጊዜ ብቻ ስለዚያ ቀን አንሥተን እናውቃለን። «አሥራ አንድ ዓመት ጠብቄ ሁለት ቀን መጠበቅ አቃተኝ» አሉኝ፣ «አንተ ባትጮህ ቀርቼ ነበር።» የማርያም መንገድ ሰጥተውኝ ነበር፤ ስለ በሩ ልነግራቸው እችል ነበር። አልነገርኳቸውም። ዓመታት ቆይተው አረፉ። ልብ ነው አሉ። በለቅሶው ላይ ግን ወይዘሮ ብርቅነሽ ለጎረቤት ሲናገሩ ሰማሁ፤ ኩላሊታቸው ከዚያ ወዲህ እንደ ቀድሞው ሆኖ አያውቅም።

እኔ አሁን በሽተኛ ክፍል ስገባ ስም አልጠራም፤ ስምዎን ይንገሩኝ እላለሁ። የእኛ ትልልቅ ሰዎች ደህና ነኝ ሲሉኝ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጌ አያለሁ። አንዳንዶቹ ይቆጣሉ። ወደ ቤት ስመለስ ደብተሩን አወጣለሁ። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፤ ጽሑፉ ግን ይነበባል። «2:25 ወጣች» ይላል። ቀጥሎ «ብርድ» ይላል፣ ሰዓት የለውም። ከብርዱ ቀጥሎ «ወገብ»፣ ሰዓት የለውም። ኤስተር በበሩ ብቅ ያለችበት ፈጽሞ አልተጻፈም። ከዚያ «ደወል 2:51»። በሁለቱ መካከል ሃያ ስድስት ደቂቃ አለ፤ ብርዱ የጀመረው ከሃያ ስድስቱ በየትኛው ላይ እንደሆነ አላውቅም። ደም የሚወርደው በጠብታ ነው፤ ደቂቃው ከታወቀ ዝም ባልኩበት ጊዜ ስንት እንደገባ ማስላት ይቻላል። ይርጋለም አንድ ጊዜ በስልክ ስጠይቀው «ሁለት ደቂቃ ብትሆን ነው» አለኝ። እትዬ ዘውዴ «ወዲያው ነው የጠራኸው ልጄ» አሉ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ያን ሁሉ ብርድ ልብስ አንደርብም።

ስለዚህ በዚያ ክፍል የነበራችሁት፣ ይህ ከደረሳችሁ፦ ይርጋለም፣ ጃኬትህን ስታወልቅ ለታክሲህ ማቆሚያ የከፈልክበት ሰዓት ሊያልቅ ስንት ቀርቶት እንደነበር ታስታውስ እንደሆነ። እትዬ ዘውዴ፣ ከወንበርዎ የተነሡት ነርሷ ከወጣች ምን ያህል ቆይተው እንደሆነ። ኤስተር፣ አማርኛ የሚያነብልሽ ሰው ካገኘሽ፣ በበሩ ብቅ ያልሽው ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነና እኔ ስነቀንቅ ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር። የምታውቁትን ጨምሩበት፣ የተሳሳትኩትን አርሙ። ደቂቃውን ግን ለእኔ ብላችሁ አታሳንሱት።